መስመሩ ተይዟል

ከሌሊቱ ዘጠኝ፤ ዛሬም ተነስታለች፣
በሌሊት ልብሷ ላይ ካፖርት ደርባለች፣
ባንድ እግሯ የራሷን፣ ባንዱ የኔን ጫማ፣
እጀታውን ይዛ ትነቀንቃለች በሩን በጨለማ።
"ክፈትልኝ ሰውዬ፣ የሌሊት ተረኛ ነኝ፣
ስልኩ ይጮሃል እኮ! ማን ያነሳዋል? ልቀቀኝ!"

እኔ ደግሞ፣
በቲሳ ወንዝ ዳር፣ በዚች ጠባብ ከተማ፣
ቁልፍ የጠፋበት ሁሉ "ዴዦን ጥሩት!" ሲል የምሰማ፣
የቄሱን ሣጥን፣ የሰካራሙን ጓሮ
ባንዲት ቀጭን ሽቦ ስከፍት የኖርኩ ድሮ፣
ዛሬ በስተርጅና፣ ለገዛ ሚስቴ ብዬ፣
ሦስት መቀርቀሪያ ሠርቼ፣ ቁልፉን ባንገቴ አንጠልጥዬ
እተኛለሁ፤
እንቅልፍ ከተባለ።

ባለፈው ጥር ነው። በረዶው ጉልበት ሲውጥ፣
ቦርባላ ጎረቤቴ አገኘቻት፣ ከድልድዩ ሥር ስትንቀጠቀጥ፣
"ፖስታ ቤቱ የት ሄደ?" እያለች።
ፖስታ ቤቱ የጫማ መደብር ከሆነ ሃያ ዓመቱ።
ማነው ታዲያ የረሳው? እሷ ናት፣ ወይስ ከተማይቱ?

ጠዋት ገላዋን በሞቀ ፎጣ ሳብስ ትሸሻለች፤
"ባሌ እንዳያይህ፣ ቀናተኛ ነው" ትለኛለች።
"ጥሩ ሰው ነው?" አልኳት አንድ ቀን።
"ዝገት ይሸታል፣ ግራሶ ይሸታል፣
ካኮረፈ ሦስት ቀን አፉ ይቆለፋል..."
ዝም አለች። ጣሪያውን አየች።
"እጁ ግን ይሞቃል።"
እጄን ከባልዲው አላወጣሁትም፣
እስኪሞቅ።

ውሸት አልጽፍም። ትናንት ጮህኩባት።
የፕሪሙ ማርማላታ ሊደርስ ሲል
አንድ ሙሉ ሳሙና ከድስቱ ጨመረችበት።
ማንኪያውን ከግድግዳው አላተምኩት።
አለቀሰች እንደ ሕፃን፣ ፊቷን በመጋረጃ ሸፍና፣
ባሥር ደቂቃ ረሳችው፣ ሳቀች እንደገና።
እሷስ ረሳች። እኔን ማን ያስረሳኝ?
ማታ ልጃችን ኢልዲኮ ከሴገድ ደወለችልኝ፤
"አባዬ፣ ቦታ ተገኝቷል፣ ንጹሕ ነው፣ መስኮቱ ዛፍ ያያል።"
"አስብበታለሁ" አልኳት።
አላሰብኩበትም። ማርማላታውን ደፋሁ፣ ድስቱን ፈተግኩ።

ስሜን ሰርቆ የሄደው ሌባ፣ ልጇንም፣ የፊቴንም መልክ፣
አንድ ሣጥን ግን ከፍቶ አልገባም፦ የከተማውን ስልክ።
"ወፍጮ ቤት?" ስላት፣ "አሥራ ዘጠኝ" ትላለች።
"ሐኪሙ?" "አራት።"
"የቦርባላ አባትስ?"
"ስልክ የላቸውም፣ ምስኪኖች ናቸው" ብላ ታዝናለች።

በሃያ ሦስት ዓመቴ፣ ከጌታዬ ሱቅ ተደብቄ
እደውል ነበር ለማዕከሉ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፤
"ዘጠና ዘጠኝ ስጪኝ።"
ስልኩ ሁሉ ተደምሮ ሥልሳ በማይሞላበት አገር!
"እንዲህ ያለ ቁጥር የለንም ጌታዬ" ትለኝ ነበር።
በማግስቱ ያው። በሣልስቱም ያው።
በዘጠነኛው ቀን፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣
"ዘጠና ዘጠኝ፣ ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ
ከሥራ ትወጣለች" አለችኝ።

ይኸው አሁን ከበሩ ሥር፣ እጀታው በጇ ሲንቋቋ፣
እኔ ደግሞ ልመናው፣ ቁጣው፣ ሁሉ አልቆብኝ፣
ባዶ እጄን ከጆሮዬ ለጥፌ
"ሃሎ" አልኩ፣ "ማዕከል?"

እጀታውን ለቀቀች።
ጀርባዋ ቀና አለ፣ ፀጉሯን ወደኋላ ሰበሰበች፤
"ማዕከል። ማንን ላገናኝዎ?"
"ዘጠና ዘጠኝን።"

ምድጃው ውስጥ ፍም ተሰነጠቀ።
በጣቷ ግድግዳውን ዳሰሰች፣ ቀዳዳ ፈልጋ፣
አንዱን ትታ ሌላውን፣ ገመዱን እንደያዘች።
"መስመሩ ተይዟል ጌታዬ።"
"እጠብቃለሁ።"

ተንበርክኬ ጫማዬን ከግሯ ስፈታ፣
ቁልፉ ካንገቴ ወርዶ ጉልበቷ ላይ ሲመታ፣
ወደ ጆሮዬ አጎነበሰች፤
"ብዙ ሰው እኮ ይሰለቸዋል" አለች።
"ታዲያ... አይዝጉት።"